ድልድዩን የተሻገረ ቀልድ

ዋይኖ ኬስኪታሎ ሲበዛ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የወረዳውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ብቻውን ሲነዳ ስለኖረ ይሆናል፤ ወይም አባቱም እንዲሁ ስለነበሩ። ሚስቱ ሂልያ «ይሄ ሰውዬ ስንጋባ ለቄሱ ‹እሺ› አለ፤ ከዚያ ወዲህ ቃል የወጣው እንደሆነ እኔ አልሰማሁም» እያለች ጎረቤቱን ታስቅ ነበር። ዕድል ስታላግጥ አያድርስ ነው! ይህ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ሰው ፊት ቆሞ አፉን ቢከፍት፣ ያቺኑ አንዲቷን ቃሉን ግዛቱ በሙሉ ሰማት።

ቀበሌያችን ፔልኮላ ትባላለች። በሚሺጋን ግዛት ሰሜን፣ የግዛቱን ሁለት ክፍሎች ከሚያገናኘው ትልቅ ድልድይ ወዲህ ናት፤ የብረት ማዕድኑ ተዘግቶ እንጨት መሰንጠቂያው ብቻ የቀረላት። ከድልድዩ ወዲህ ያለነው ዛፍና በረዶ ተርፎን ሰው ያነሰን ነን። ከወዲያ ዲትሮይት አለች። ዲትሮይትን ደግሞ ዙሪያዋን የከበቧት፣ ቤታቸው አንድ ዓይነት ሣራቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሰፈሮች አሉ፤ እኛ «ዙሪያዎቹ» እንላቸዋለን። ምርጫ በመጣ ቁጥር ነገሩ ያው ነው። ዲትሮይት አንድ ነገር ትላለች፤ እኛ ተቃራኒውን እንላለን፤ ዙሪያዎቹ ወደ ደስ ያላቸው ያጋድላሉ፤ ያጋደሉለት ያሸንፋል። ገዥ ይሁን ዳኛ፣ ግብር ይሁን ሕግ፣ ለውጥ የለውም። እኛ እንግዲህ ለወጉ ያህል እንሰለፋለን።

ለነዚያ ከወዲያ ላሉት ሰዎች ቅጽል ስም አለን። ከድልድዩ በታች፣ በደቡብ በኩል ስለሚኖሩ ጭራቆች እንላቸዋለን፤ በተረቱ ድልድይ ሥር የሚያደባው ጭራቅ አይደል? ልጆቻችን አፍ ሲፈቱ የሚማሩት ቀልድ ነው። እነሱም ሲሰሙት ይስቃሉ፤ ለአጋዘን አደን የሚመጡት ማለቴ ነው። ቤታቸው ተቀምጠው ቢሰሙት ምን እንደሚሰማቸው ማናችንም አስበንበት አናውቅም።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ የወረዳችን ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍሉን በዓመቱ መጨረሻ እንደሚዘጋ ተነገረ። ወላዱ ጥቂት፣ ወጪው ብዙ። በዚያው ሰሞን የዋይኖ አንዲት ልጁ ማርሊስ እርጉዝ መሆኗ ታወቀ። ማርሊስ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል። ሐኪሙ «መጨረሻው ላይ ከሆስፒታል እንዳትርቂ» ብሎ አስጠንቅቋታል። የምትወልደው ጥር ላይ ነው። ከኛ ቀጥሎ ያለው ሆስፒታል ደህና ቀን በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ በጥር ግን ያንን መንገድ የሚያውቁት እግዜርና ዋይኖ ብቻ ናቸው።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ ሂልያ ሥጋና ድንች ያጨቀችበትን ትኩስ ፓስቲ እያደለች፣ የማርሊስ ባል ዲኖ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አባባ፣ እንዳይቀየሙኝ። ወንድሜ ዙሪያው ላይ ቤት አለው። መኪና ፋብሪካ ሊያስገባኝ ቃል ገብቷል። ማዋለጃው ከተዘጋ ማርሊስን ይዣት እሄዳለሁ።»

«ወልዳ ትመለሳለች?» አለ ዋይኖ።

ዲኖ ሹካውን አስቀመጠ። «ሥራ ከያዝኩ በኋላ ለምን እንመለሳለን? እዚህ መሰንጠቂያው በሳምንት ሦስት ቀን ነው የሚያሠራን።»

«ብላ አንተ፣ ይቀዘቅዛል» አለች ሂልያ፤ የማንንም ፊት ሳታይ።

ማርሊስ የአባቷን እጅ ያዘች። «አባባ፣ ተቆጣህ?»

«አልተቆጣሁም።»

«ዝም ስትል እኮ ነው የምትቆጣው።»

«መቼ ተናግሬ አውቃለሁና ነው?» አለ ዋይኖ፤ ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሊስቅ ሞከረ።

አንድ ተስፋ ነበረ። ሐኪሞችና አዋላጆች ፊርማ አሰባስበው፣ ግዛቱ ከቤት ግብር ላይ ጥቂት ጨምሮ የትናንሽ ሆስፒታሎችን ማዋለጃ እንዲደጉም የሚል ጥያቄ ኅዳር ላይ ለመላው ሕዝብ ድምፅ አቅርበው ነበር። «አዎ» ካሸነፈ ማርሊስ እዚሁ ትወልዳለች፣ እዚሁ ትኖራለች። «አይሆንም» ካሸነፈ ትሄዳለች። ለዋይኖ ምርጫው ይኸው ነበር፤ ሌላው ሁሉ ለሱ ወሬ ነው።

በኛ ዘንድ ቅዳሜ የሳውና ቀን ነው። ዋይኖ ከቤቱ ጓሮ አባቱ የሠሩት የእንጨት ሳውና አለው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተራ በተራ እየገባ በእንፋሎት ይታጠባል። እዚያ ውስጥ ሁለት ነገር አይነሣም፤ ሃይማኖትና ምርጫ። ራቁቱን አጠገብህ ከተቀመጠ ሰው ጋር መጣላት ደግ አይደለም ይባላል፤ አባቶች ያወጡት ሕግ ነው፤ ማንም ጥሶት አያውቅም። ዋይኖ ጣሰው።

«ለማዋለጃው ‹አዎ› ብትሉልኝ» አለ በድንገት፣ ውሃውን የጋለው ድንጋይ ላይ እያፈሰሰ።

ክላረንስ ትሬጌር ከላይኛው መደብ ላይ አንገቱን አወጣ። ክላረንስ የድሮ የማዕድን ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱ ሞታበታለች፤ «ግብር» የሚለውን ቃል ሲሰማ ትን ይለዋል።

«ዋይኖ፣ አሞሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«እዚህ ቤት ውስጥ ምርጫ? አባትህ ይሄን ቢሰሙ በገላ መምቻው ቅርንጫፍ ይሸነቁጡህ ነበር!»

«ልጄ ልትሄድብኝ ነው ክላረንስ።»

ክላረንስ ላቡን ጠረገ። «ማርሊስ ለኔም ልጄ ናት። ግብር ግን ግብር ነው። ግብርና አማት አንድ ናቸው፤ አንዴ ከገቡ አይወጡም። በዕድሜዬ ‹አዎ› ብዬ አላውቅም፤ እንግዲህ ደግሞ ለመቃብር ስቀርብ ነው የምጀምረው?»

ሌሎቹም አጉረመረሙ። ዋይኖ ሁለት ጊዜ የጨነገፈባትን ሊናገር አሰበና አፈረ። እንዲያው ሳያስበው ግን እንዲህ አለ።

«የምንከፍለው እኛ ነን እንዴ? ስንት ቤት አለን? ሒሳቡ የሚያርፈው ጭራቆቹ ላይ ነው! ሠላሳ ዓመት መንገዳቸውን በግብራችን አሳመርንላቸው፤ አንዴ እንኳ ከድልድያቸው ሥር ወጥተው ይክፈሉልና!»

ሳውናው በሳቅ ተናጋ። ክላረንስ ጭኑን እየመታ «ይሄስ ግብር አይደለም፤ የተበላነውን ቁማር ማስመለስ ነው!» አለ። በዚያች ቅዳሜ ብቻ መደቡ ላይ የነበሩት በሙሉ ለዋይኖ ቃል ገቡለት።

ዋይኖ ቁልፉን አገኘሁ አለ። በረዶው ገና ስላልጣለ በዚያን ወራት የጠጠሩን መንገድ ነበር የሚደለድለው፤ እየደለደለ በየሰዉ በር ላይ ይቆማል፤ መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ያቺኑ ቀልድ ይናገራል። ሰዉ ይስቃል፤ «እሺ ዋይኖ፣ አዎ እላለሁ» ይለዋል። ሂልያ ትገረም ነበር። «አርባ ዓመት የት ደብቀኸው ነው ይሄን ምላስ?» ትለዋለች። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎት ነበር። ሰው ሲያስቅ የመጀመሪያው ነው።

በጥቅምት መጀመሪያ ከታች፣ ከዲትሮይት በኩል፣ አንዲት የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ መጣች። የገጠር ሆስፒታሎችን ጉዳይ ለከተማው ሕዝብ ልታሳይ ነው፤ ልብ ያላት ልጅ ነበረች፤ ክፋት አልነበራትም። በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ማርሊስ አባቷን በር ላይ ያዘችው።

«አባባ፣ ስለኔ ንገራቸው። ስለ ሁለቱም ልጆች። እኔ አላፍርም፤ ሰው ነው የሚሰማው፣ ሰው ደግሞ አንጀት አለው።»

«እነግራቸዋለሁ» አላት። መኪናው ውስጥ ብቻውን ሆኖ ሲለማመደው ነበር የሰነበተው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ክላረንስ ከፊት ተቀምጧል፤ የሳውናው ሰው ሁሉ አለ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች አሉ። ጋዜጠኛዋ ማይክሮፎኑን ዘረጋችለት።

«አቶ ዋይኖ፣ ዲትሮይት ዙሪያ ያሉት መራጮች አሁን እየሰሙዎት ነው ብንል፣ ምን ይሏቸዋል?»

ዋይኖ ወደ ኋላው ወንበር አየ። ማርሊስ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ታየዋለች። «ልጄ ሁለት ጊዜ» ብሎ ሊጀምር ነበር። ነገር ግን በኛ ዘንድ የጨነገፈ ልጅ በአደባባይ አይነሣም፤ እህት ለእህት እንኳ በሹክሹክታ ነው የምትነግረው። ይህን ሁሉ የሚያውቁት ሰዎች ዓይን ላይ ዓይኑ አረፈና አንደበቱ ተሳሰረ። ማይክሮፎኑ ይጠብቃል። ሰዉ ይጠብቃል። ያኔ እጁ ላይ የነበረውን ብቸኛ ነገር አወጣ።

«ንገሪያቸው ልጄ፤ ጭራቆቹ ከድልድያቸው ሥር ይውጡና ሒሳቡን ይክፈሉ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ፈረሰ። ክላረንስ ኮፍያውን ወረወረ። ከኋላ ያለችው ማርሊስ ብቻ አልሳቀችም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወዴት ሄደህ ትመልሰዋለህ?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የኛ አንቴና የሚስበው ከጎረቤት ግዛት፣ ከዊስኮንሲን ስለሆነ ከዲትሮይት በኩል የሚታየውን ቴሌቪዥን እኛ አናይም። ግብሩን የሚቃወሙት ሰዎች ያቺን ቃል ከዜናው ቆርጠው ማስታወቂያ ሲሠሩባት፣ ዙሪያዎቹ ከእራት በፊትም ከእራት በኋላም ሲያዩአት፣ እኛ ፔልኮላ ተቀምጠን «አሸነፍን» እንባባል ነበር። ወሬው የደረሰን ምርጫው ሊሆን ሳምንት ሲቀረው ነው። የዲኖ ወንድም ደወለ።

ዲኖ ስልኩን ዘግቶ ወደ አማቱ ዞረ። «አባባ፣ ወንድሜ ‹አማትህ እዚህ ከፕሬዚዳንቱ በላይ ታውቋል› ይላል።»

«እኔ? ምን አድርጌ?»

ዲኖ ነገረው። የዋይኖ ፊት በትልቁ ይታያል፤ «ጭራቆቹ ይክፈሉ» ይላል፤ አዳራሹ ሲስቅ ይሰማል፤ ከዚያ አንድ ለስላሳ ድምፅ «የሚስቁት በእርስዎ ነው። የሚከፍሉትም እርስዎ ነዎት» ይላል። በቃ። ሌላ ነገር የለውም።

ዋይኖ ተነሥቶ ወጣ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር ሳያስነሣ ተቀመጠ። ሂልያ በመስኮት አይታው አልጠራችውም። ያፍር ነበር፤ እሳት የመሰለ እፍረት። የጠላት ነገር ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ምላሱን ነው የሚረግመው፣ ያውም ሰው ስላሳቀ ደስ ያለው ምላሱን።

በማግስቱ ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ደወለ፤ ጋዜጠኛዋን ሲጠይቅ «ይጠብቁ» እያሉ ዘፈን አሰሙት። ቅዳሜ ከዲኖ ጋር መኪና አስነሥተው ድልድዩን ተሻገሩ።

«ምን ልታደርግ ነው?» ብላው ነበር ሂልያ ስትሸኘው።

«ይቅርታ እላቸዋለሁ።»

«ለስንቱ? በር ለበር?»

«በር ለበር።»

እሑድ ጠዋት የዲኖ ወንድም ከሚኖርበት ሰፈር ጀመሩ። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ደጁ ላይ የረገፈ ቅጠል ይሰበስባል። ዋይኖ ኮፍያውን አውልቆ ቀረበ። ሰውዬው ቀና አለና ፊቱ በራ።

«ቆይ! እርስዎ የቴሌቪዥኑ ሰውዬ አይደሉም? ዶሪን! ኧረ ነይ ማን እንደመጣ እዪ!»

ሚስቱም ወጣች። አልተቆጡትም። ሳቁ፤ እጁን ጨበጡት፤ ለስላሳ አምጥተው ሰጡት። ዋይኖ ለስላሳውን ሳይጠጣ ይዞ ቆሞ፣ አዳራሹ ውስጥ ሊናገረው ያቃተውን ለማያውቃቸው ሰዎች ተናገረ። ሁለቱን የጨነገፉትን። ጥር ላይ መንገዱ ምን እንደሚመስል። አንዲት ልጅ ብቻ እንዳለችው። የሴትዮዋ ዓይን እንባ ሞላ።

«በጣም አዝናለሁ፤ ከልቤ ነው» አለ ሰውዬው። «ግን ለምን ወደዚህ አያመጧትም? እዚህ ሁለት ሆስፒታል አለ፤ ቦታ እንደ ጉድ ነው። ከዚያ ሁሉ በረዶ አይሻላትም?»

ሰውዬው በክፋት አልተናገረም፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ ዋይኖም መልስ ባላጣ። ሰውዬው ቀጠለ። «ዘንድሮ ለትምህርት ቤቱ ተጨምሮብናል። ማንን ከማን እንለያለን? ለቀልዱ ግን አይጨነቁ፤ እኛ ይቅር ብለናል።»

ይቅር ብለዋል። ድምፁን ግን አይሰጡም። ዋይኖ መንገዱን ቁልቁል አየ። ቤት ከቤት ቀጥሎ፣ ቤት ከቤት ቀጥሎ፤ መንገዱ ታጥፎ ደግሞ ሌላ መንገድ። ያቺ አንዲት ሰፈር ብቻ ፔልኮላን ከነመቃብሯ ትውጣለች። እስኪመሽ ድረስ አንኳኩ፤ ገሚሱ ኳስ እያየ አልከፈተም፣ ገሚሱ «የቴሌቪዥኑ ሰውዬ!» እያለ ሳቀ። ሐይቅ በማንኪያ እንደመጭለፍ ነበር። ሲመለሱ ድልድዩ ላይ ዲኖ «ቢያንስ ሞከርን» አለ።

በምርጫው ቀን ፔልኮላ ነቅላ ወጣች። ክላረንስ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጣና «ይኸው! ሳልሞት ለግብር አዎ አልኩ» ብሎ ለሁሉም አወጀ። ከቀበሌው «አይሆንም» ያሉት አራት ብቻ ነበሩ፤ አራቱንም እናውቃቸዋለን። የኛ ሰዓት ከነዲትሮይት ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነው፤ እኛ ገና ተሰልፈን ሳለ እነሱ ሳጥን ከፍተው ይቆጥሩ ጀመር። ክላረንስ የኪስ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሰልፉ ውስጥ ያስተጋባል።

«ዲትሮይት አዎ ብላለች! በብዙ!»

ሰዉ ተያየ። ዲትሮይት? ከዲትሮይት ጋር ተስማምተን እናውቃለን እንዴ? ለካ እዚያም ከተማው መሐል ያሉ የድሃ ሰፈር ማዋለጃዎች እየተዘጉ ነበርና፣ ሴቶቹ ነገሩ ገብቷቸዋል። ዋይኖ ጭራቅ ብሎ ከሰደባቸው መሐል ነገሩን ቂም አድርገው ያልያዙት፣ ከጎኑ የቆሙት እነሱ ሆኑ። ለነሱ ይቅርታ ለማለት እንኳ አላሰበም ነበር።

«የቀረው ሰሜንም አዎ ነው» አለ ክላረንስ። ከዚያ ሬዲዮኑን ነቀነቀው። «ዙሪያዎቹ...» አለና ጨረሰው፤ «ዙሪያዎቹ አይሆንም ብለዋል። ሁሉም።»

ገና ያልመረጡ ሰዎች ሰልፍ ላይ ነበሩ። ማንም አልወጣም፤ ነገሩ እንዳለቀለት እያወቁ ተራቸውን ጠብቀው፣ ገብተው፣ «አዎ» ብለው ወጡ። ክላረንስ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «ስድሳ ዓመት ‹አይሆንም› ስል አሸንፍ ነበር፤ አንድ ቀን ‹አዎ› ብል ተሸነፍኩ። ዋይኖ፣ በአባትህ፣ እንዲህ ያለ ዕድል አለ?» ዋይኖ ትከሻውን መታ አድርጎት ወደ ቤቱ ሄደ። በአንድ ቀልድ ወረዳውን አሸንፎ በዚያችው ቀልድ ግዛቱን አጥቶታል። ቀልዱን ባይናገርስ ኖሮ ዙሪያዎቹ «አዎ» ይሉ ነበር? ማን ያውቃል። ምናልባት አይሉም ነበር። ግን እሱ ይህን ለራሱ መንገር አልቻለም፤ እኛም ብንነግረው አልሰማ አለን።

በታኅሣሥ እነማርሊስ ዕቃቸውን ጫኑ። ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አድሮ መንገዱ ጠፍቶ ነበር። ዋይኖ መጥረጊያ መኪናውን አስነሥቶ ከፊታቸው ገባ። እሱ እየጠረገ፣ እነሱ ዱካውን እየተከተሉ እስከ ወረዳው ድንበር ሄዱ። ከዚያ ወዲያ የሌላ ወረዳ መንገድ ነው፤ መጥረጊያው አይሻገርም። ዳር ያዘላቸው። ማርሊስ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እጇን አውለበለበች፤ ምን እንዳለች በሞተሩ ጩኸት አልሰማትም። ልጁ የምትሄድበትን መንገድ በገዛ እጁ ጠርጎ ሰጣት፤ ታዲያ ምን ያድርግ? በረዶ ውስጥ ትቅር? መኪናዋ እስክትሰወር አያትና ዞረ።

ጥር ላይ ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ሁለቱም ደህና። ስሙን አርኒ አሉት። ዲኖ ፋብሪካ ገባ፤ በዓመቱ ቤት ገዙ። በየእሑዱ ይደውላሉ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ሌላ ምርጫ መጣ፤ አሁን ደግሞ ጥያቄው የገጠር አምቡላንሶች ነበሩ፤ ከቤት ግብር ላይ ጥቂት ተጨምሮ ይደጎሙ ወይስ አይደጎሙ። ዋይኖ በዚህኛው ትንፍሽ አላለም። ሳውናው ውስጥ ሲያነሡበት እንኳ ውሃ ማፍሰስ ነው። ከምርጫው በኋላ ባለው እሑድ ማርሊስ ደወለች። ስለ ልጁ ጥርስ አወራች፤ ሁለተኛ ልጅ መጸነሷን ደግማ ነገረችው፤ ደስ አለው።

«ድምፅ ሰጠሽ?» አላት በወሬው መሐል።

«አባባ፣ አልዋሽህም። አይሆንም ነው ያልኩት።»

ዋይኖ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«የቤቱ ዕዳ አለ። ሌላ ልጅ እየመጣ ነው። ትምህርት ቤቱ ዘንድሮም ጨምሩ ይላል። ለሁሉም ‹አዎ› ብንል ምን ይተርፈናል? ደግሞ እኮ እዚያ ማን ቀረ ብለህ ነው አባባ? ሰዉ ሁሉ ወጥቷል።»

ዋይኖ ወደ ወጥ ቤት አየ። ሂልያ ሁለት ሳሕን አጥባ ወንበር ላይ ዐረፍ ብላለች፤ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ከነሐሴ ጀምሮ ልቧ ይደክማል፤ አምቡላንሱ ሁለት ጊዜ መጥቶ ወስዷታል። «ለማርሊስ እንዳትነግራት፤ ነፍሰ ጡር ናት፣ ትደነግጣለች» ብላ አስምላዋለች። በኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ በስልክ አይነገርም።

ለማያውቀው ሰውዬ፣ ደጁ ላይ ቅጠል ለሚሰበስብ፣ ሆዱን ዘርግፎ ነግሮት ነበር። ለገዛ ልጁስ ምን ብሎ ይንገራት? ቢነግራትስ፣ ድምፁ ተሰጥቷል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጸጸት ከመስጠት በቀር ምን ይፈይዳል?

«አባባ? አለህ?»

«አለሁ።»

«ተቀየምከኝ?»

«ኧረ ምን ብዬ! ልክ ነሽ። ለሁሉም አዎ ከተባለማ ምን ይተርፋል። አርኒን ሳሚልኝ።»

ስልኩን ዘጋ።

«ምን አለች?» አለች ሂልያ ከወጥ ቤት።

«ደህና ናቸው» አላት፤ የቀሩትን ሳሕኖች ሊያጥብላት እጅጌውን እየሰበሰበ።